ሳም ሂዩስተን፦ መሐላውን እምቢ ያሉት አገረ ገዥ

እ.አ.አ በ1793 በቨርጂኒያ የተወለዱት ሳም ሂዩስተን፣ በጉርምስናቸው ከቤት ኮብልለው ከቸሮኪ ሕዝብ ጋር ኖረዋል። በ1827 የቴነሲ አገረ ገዥ ሆኑ፤ ትዳራቸው በሳምንታት ውስጥ ሲፈርስ ግን በ1829 ሥልጣናቸውን በደብዳቤ ለቀቁ። ምክንያቱን ለሕዝብ አልገለጡም።

በ1836 በሳን ጃሲንቶ የሜክሲኮውን ሳንታ አናን ድል ነሥተው የቴክሳስ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ተባሉ። በኋላም በሴኔት 13 ዓመት ሲቀመጡ፣ ከዋሽንግተን ለባለቤታቸው ለማርጋሬት ሳይታክቱ ይጽፉ ነበር፤ ጦረኛውን ሰው ከአዋጆቻቸው ይልቅ እነዚያ ደብዳቤዎች ያሳዩናል።

በ1861 ቴክሳስ ከኅብረቱ ስትገነጠል፣ ራሳቸውም ባሪያዎች የነበሯቸው እኚህ አዛውንት ለኮንፌዴሬሽኑ መሐላ አልፈጽምም በማለታቸው ከአገረ ገዥነታቸው ተሻሩ። የበኩር ልጃቸው ግን ለዚያው ለኮንፌዴሬሽኑ ዘምቶ በ1862 በሻይሎ ቆሰለ። አባትየው በቀጣዩ ዓመት በሀንትስቪል ሲያርፉ ጦርነቱ ገና አላበቃም ነበር።