ለመኝታ ቤት ንጹህ አየር የተሟገቱት ቤንጃሚን ፍራንክሊን

እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 1776 የአሜሪካ ኮንግረስ ሶስት ልዑካን ከእንግሊዙ አድሚራል ሎርድ ሃው ጋር ለመነጋገር ከፊላደልፊያ ወደ ስታተን አይላንድ ጉዞ ጀመሩ። ልዑካኑ በኒው ጀርሲ ግዛት ወደምትገኘው ኒው ብሩንስዊክ ከተማ ሲደርሱ የእንግዳ ማረፊያዎቹ በሰው ተጨናንቀው ስለነበር ሁለቱ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ተጋርተው ለማደር ተገደዱ። ክፍሏ ከአልጋው እምብዛም የማትሰፋ፣ የጭስ መውጫ የሌላትና አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ያላት ነበረች።

ከሁለቱ አንዱ፣ በኋላ የአሜሪካ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቁት የ40 ዓመቱ ጆን አዳምስ፣ ጤናቸው የተጓደለ በመሆኑ የሌሊቱን አየር ፈርተው መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። የአልጋ ተጋሪያቸው ግን መስኮቱ ካልተከፈተ የክፍሉ አየር ከውጭው የባሰ እንደሚሆን በመግለጽ እንዲከፍቱት ጠየቁ። እኚህ ሰው የ70 ዓመቱ አዛውንት ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነበሩ። አዳምስ መስኮቱን ከፍተው ወደ አልጋው ዘለው ገቡ። ፍራንክሊንም ስለ አየር፣ ስለ ጉንፋንና ስለ ሰውነት ላብ ትንታኔያቸውን ሲጀምሩ አዳምስ ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው በግል የህይወት ታሪካቸው ውስጥ አስፍረዋል። ሴፕቴምበር 11 የተካሄደው ንግግር ያለ ውጤት ተበትኖ ጦርነቱ ሲቀጥል፣ የአንዲት ሌሊት የመስኮት ክርክር ግን ለታሪክ ተርፋለች።

ፍራንክሊን የተወለዱት እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 17 ቀን 1706 በቦስተን ከተማ ነው። አባታቸው ሻማና ሳሙና የሚሰሩ፣ 17 ልጆች የወለዱ ሰው ሲሆኑ፣ ቤንጃሚን ከወንዶቹ የመጨረሻው ነበሩ። የመደበኛ ትምህርት ዕድላቸው ከሁለት ዓመት ያልዘለለ ሲሆን፣ በ12 ዓመታቸው በታላቅ ወንድማቸው ማተሚያ ቤት ተለማማጅ ሆነው ተቀጠሩ። በ1723፣ ገና በ17 ዓመታቸው፣ ከወንድማቸው ኮብልለው ፊላደልፊያ ገቡ። በዚያች ከተማ በህትመት ስራ ሀብት አፍርተው በ42 ዓመታቸው ከንግዱ ዓለም በመውጣት ቀሪ ዘመናቸውን ለምርምርና ለህዝብ አገልግሎት አዋሉ።

ዓለም ፍራንክሊንን ይበልጥ የሚያውቃቸው በ1752 መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ለማረጋገጥ ባደረጉት ሙከራ፣ በመብረቅ መከላከያ ዘንግ ፈጠራቸውና በአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ላይ ባኖሩት ፊርማ ነው። ይሁን እንጂ ሙቀት በቤትና በሰው ገላ ውስጥ እንዴት እንደሚመላለስ ማጥናት ከወጣትነት እስከ እርጅና ያልተለያቸው ጉዳይ ነበር። በ1740ዎቹ መጀመሪያ አነስተኛ ማገዶ የሚፈጅ የብረት ምድጃ ሰርተዋል። የፔንሲልቫኒያ ገዢ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሊሰጧቸው ቢፈልጉም፣ ከሌሎች ፈጠራዎች እንደተጠቀሙ ሁሉ የራሳቸውንም በነጻ ማበርከት እንደሚገባቸው በማመን አልተቀበሉም።

በ1750 አንድ ብርቱ ሙቀት በነበረበት የሰኔ ቀን ቴርሞሜትሩ በጥላ ስር ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያሳይ፣ በላብ የራሰ ሸሚዝ ለብሰው በሮችና መስኮቶች ተከፍተው የተቀመጡት ፍራንክሊን የገዛ ሰውነታቸው የአየሩን ያህል እንዳልሞቀ ልብ አሉ። ምክንያቱ ላቡ ሲተን ሙቀትን ይዞ መሄዱ እንደሆነ ገመቱ። ይህንኑ ግምት በ1758 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከጆን ሃድሊ ጋር ፈተሹት። ሁለቱ ሰዎች የቴርሞሜትሩን ጫፍ በኤተር እያራሱ በወናፍ አየር ሲነፉበት፣ ክፍሉ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆኖ ሳለ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ወደ 14 ዲግሪ ወረደ፤ ጫፉም በበረዶ ተሸፈነ። ከዚህም በመነሳት ፍራንክሊን፣ በሞቃት የበጋ ቀን እንኳ ሰውን በቅዝቃዜ መግደል እንደሚቻል ተገነዘቡ።

ይህ ግንዛቤ ወደ መኝታ ቤታቸውም ዘለቀ። በ1768 ለፈረንሳዊው ሐኪም ለባርቤ ዱቡር በጻፉት ደብዳቤ፣ ማለዳ ተነስተው ግማሽ ወይም አንድ ሰዓት ያህል ያለ ልብስ በክፍላቸው ውስጥ በማንበብና በመጻፍ እንደሚያሳልፉ፣ ከዚያም አንዳንድ ጊዜ ወደ አልጋ ሲመለሱ እጅግ ጣፋጭ እንቅልፍ እንደሚያገኙ ገልጸዋል። በ1773 ደግሞ ሰዎች ጉንፋን የሚይዛቸው ከብርድ ይልቅ በተዘጋ ጠባብ ክፍልና በሰረገላ ውስጥ ተጠጋግተው አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲተነፍስ መሆኑን ለሐኪሙ ለቤንጃሚን ረሽ ጽፈዋል። በዘመኑ ሀብታሙም ድሃውም፣ የተማረውም ያልተማረውም መስኮት ዘግቶ፣ አቅም ያለውም የአልጋ መጋረጃውን ጨምሮ ጋርዶ ይተኛ ስለነበር ሐሳባቸው ከጠቅላላው ልማድ ጋር የሚጋጭ ነበር።

በ80 ዓመታቸው፣ በ1786፣ የወዳጃቸው የእንግሊዛዊው ጳጳስ የጆናታን ሺፕሊ ልጅ ለሆነችው ለካትሪን በላኩት አጭር ጽሑፍ መልካም ህልምና ሰላማዊ እንቅልፍ የሚገኝበትን መንገድ አስረድተዋል። እራት በመጠን እንዲሆን፣ የመኝታ ክፍሉ አየር እንዲዘዋወርና የአልጋ ልብሱ ስስ፣ አየርም የሚያሳልፍ እንዲሆን መከሩ። በብርድ ልብስ ስር የታፈነ አየር ከሰውነት በሚወጣው እርጥበት ከጠገበ በኋላ ተጨማሪ መቀበል ስለማይችል፣ ሰውየው ያለ ዕረፍት እንደሚገላበጥ አብራሩ። ሙቀት ከእንቅልፍ የቀሰቀሰው ሰው ትራሱን እንዲገለብጥ፣ አንሶላውን ቢያንስ 20 ጊዜ እንዲያራግፍና አልጋው ተገልጦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እንዲል አሳሰቡ። አቅም ያለው ደግሞ በአንድ ክፍል ሁለት አልጋ ቢያዘጋጅ፣ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው መሻገር ታላቅ ምቾት እንደሆነ፣ ትኩሳት ላለበት ህመምተኛም እፎይታ እንደሚሰጥ ጨምረው ገለጹ። ይህ ሁሉ ግን ንጹህ ህሊና ለሌለው ሰው እንደማይበጅ በማስገንዘብ ምክራቸውን ደመደሙ።

ፍራንክሊን በሁሉም ነገር ትክክል ነበሩ ማለት አይደለም። ታፍኖ የቀረው የላብ ትነት ራሱ በመበስበስ በሽታ ያመጣል የሚለው እምነታቸው በዛሬው እውቀት ተቀባይነት የለውም። የሌሊት አየር ፈጽሞ አይጎዳም ማለታቸውም በወባማ አካባቢዎች ጥንቃቄ የሚሻ ነው። የወባን መተላለፊያ ትንኝ መሆኗን ሮናልድ ሮስ ያረጋገጡት በ1897 በመሆኑ፣ የፍራንክሊን ዘመን ሰዎች አየሩን ሲወነጅሉ ጥፋተኛዋ ከአየሩ ጋር በመስኮት የምትገባው ትንኝ መሆኗን ማንም አላወቀም ነበር።

ስለ እንቅልፍ ምቾት የተናገሩት ዋናው ነጥብ ግን ጸንቶ ቆይቷል። ሰው ለመተኛት ሲዘጋጅ የውስጥ ሰውነቱ ሙቀት ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ ይህም የሚሆነው ሙቀቱ በቆዳው በኩል ሲወጣ ነው። በገላና በብርድ ልብስ መካከል ያለው አየር ከሞቀና ከረጠበ መውጫው ስለሚዘጋ እንቅልፉ ይቆራረጣል። በአሁኑ ወቅት በአንዳንድ አገሮች ለገበያ የቀረቡ የአልጋ አየር ማስተካከያዎች በአነስተኛ ማራገቢያና ቱቦ አማካኝነት በአንሶላው ስር ወይም በፍራሹ ውስጥ አየር በማዘዋወር የሚሰሩት ይህንኑ የታፈነ አየር ለመለወጥ ነው። ፍራንክሊን በ20 ማራገፍ ያከናውኑት የነበረውን ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ያከናውነዋል። መሳሪያው ለሌለው ሰው ደግሞ ስስ አንሶላና የተከፈተ መስኮት ያለ ወጪ ብዙ ይረዱታል።

ጉዳዩ ከምቾትም ያለፈ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በ1882 በሮበርት ኮህ ከታወቀ ወዲህ፣ በተፋፈገና መስኮቱ በተዘጋ ስፍራ በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ጥርጥር የለውም። በአገራችንም በአውቶቡስና በታክሲ ውስጥ ብርድ ይመታናል፣ ምች ያገኘናል በሚል ስጋት መስኮት መዝጋት የተለመደ ሲሆን፣ የጤና ባለሙያዎች መስኮት መክፈትን ሳይታክቱ ይመክራሉ። በቆላማ አካባቢ መስኮት ከፍቶ የሚተኛ ሰውም አጎበር ሊለየው አይገባም።

ፍራንክሊን እ.ኤ.አ ኤፕሪል 17 ቀን 1790 በ84 ዓመታቸው በፊላደልፊያ አረፉ። በቀብራቸው ላይ 20 ሺህ ያህል ህዝብ እንደተገኘ ይነገራል። የአልጋ ተጋሪያቸው አዳምስ፣ አዛውንቱ በመስኮት አጠገብ ለሰዓታት ተቀምጠው በያዛቸው ብርድ ምክንያት የራሳቸው ሐሳብ ሰለባ እንደሆኑ መስማታቸውን ጽፈዋል። ሐኪማቸው የመዘገቡት የሞት ምክንያት ግን በሳንባቸው ውስጥ የተጠራቀመ መግል መፈንዳቱን ነው። ስለ መስኮቱ የተነሳው ክርክር ከባለቤቱ ሞት በኋላ እንኳ አልተቋጨም ነበር፤ ዛሬ ግን ሳይንስ በአብዛኛው ለአዛውንቱ ፈርዷል።