ሻምበል ፎን ሽቴፋኒትስና የጀርመን እረኛ ውሻ

ከቤት እንስሳት ዝርያዎች መካከል አብዛኞቹ በማን እጅ እንደ ተፈጠሩ በስም አይታወቅም። የቦረና ከብትም ሆነ የመንዝ በግ የብዙ ትውልድ አርቢዎች የጋራ ሥራ ነው። የጀርመን እረኛ ውሻ ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። ዝርያውን አንድ ወጥ አድርጎ ለማቆም ከማንም ይበልጥ የደከመው የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ መሆኑ በሚገባ ይታወቃል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽቴፋኒትስ ዲሴምበር 30 ቀን 1864 ዓ.ም. በድሬዝደን ከተማ ተወለደ። በውትድርና አገልግሎቱ ዘመን በበርሊን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተመድቦ ስለ ነበር፣ ስለ እንስሳት አካል አሠራር፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ እርባታ ትምህርት የቀሰመው በዚያ ነው። ኋላ የሻምበልነት ማዕረግ ቢያገኝም፣ ያገባት ሴት ተዋናይት በመሆኗ ከሠራዊቱ ለመሰናበት እንደ ተገደደ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ጊዜውን በባቫርያ፣ ግራፍራት አጠገብ በነበረው ርስቱ ላይ ለውሻ እርባታ አዋለ።

በዚያ ዘመን የጀርመን እረኞች ውሾች እንደየአውራጃው ልዩ ልዩ ነበሩ። የቱሪንጊያዎቹ ጆሯቸው የቆመ፣ መልካቸው ተኩላ የመሰለ ሲሆን፣ የቩርተምበርጎቹ በአካል ገዘፍ ያሉና አረማመዳቸው የተሻለ ነበር። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ሥራው ነው። በጀርመን አገር በጎች የሚሰማሩት አጥር በሌላቸው የእህል ማሳዎች መካከል በመሆኑ፣ ውሻው በማሳው ወሰን ላይ ባለው ትልም እየተመላለሰ ሕያው አጥር ሆኖ ይውላል። ትልሙን ተሻግሮ ወደ እህሉ የሚገባውን በግ ይመልሳል፤ መንከስ ግድ ሲሆንም አንገቱን፣ ጎኑን ወይም ጭኑን ብቻ ሳያቆስል ይይዛል። ቀኑን ሙሉ በሶምሶማ መሄድ የሚችል አካልና እረኛው ሳያዘው አመዛዝኖ የሚሠራ አእምሮ ያስፈልገዋል። በአገራችን እረኛው ውሻ የሚያሳድገው በአመዛኙ ከጅብና ከሌባ እንዲጠብቅለት እንጂ መንጋ እንዲነዳለት ስላልሆነ፣ ይህ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል።

ኤፕሪል 3 ቀን 1899 ዓ.ም. ሽቴፋኒትስ ከወዳጁ ከአርቱር ማየር ጋር በካርልስሩሄ የውሻ ትርኢት ሲመለከት፣ ሄክቶር ሊንክስራይን የተባለ የአራት ዓመት ውሻ ዓይኑን ሳበው። ወዲያው ገዝቶ ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ሰየመው። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን የጀርመን እረኛ ውሻ ማኅበር ተመሠረተ፤ ሽቴፋኒትስም ፕሬዚዳንቱ ሆነ። ሆራንድ በዘር መዝገቡ የመጀመሪያውን ቁጥር አገኘ። ልጁ ሄክቶር ፎን ሽቫበን ከአንድ አባት ከተወለደች እኅቱ ጋር ተዳቅሎ ቤዎቩልፍን ወለደ። እንዲህ ያለው የቅርብ ዝምድና እርባታ መልካሙን ጠባይ ቶሎ ቢያጸናም ጉድለቱንም አብሮ ያጸናል። ሽቴፋኒትስ ይህን ስላልሳተው፣ ዝምድና የሌላቸውን ውሾች ከመንጋ ኋላ እየፈለገ ወደ ዘሩ አስገብቷል።

ነገር ግን በጉ ራሱ እያነሰ መጣ። ከባሕር ማዶ የሚገባው ርካሽ ሱፍ የጀርመንን የበግ እርባታ አዳከመው። ሥራ ያጣ የሥራ ውሻ የትርኢት ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር የሠጋው ሽቴፋኒትስ፣ ውሻው በፖሊስና በሠራዊት ዘንድ እንዲሞከር አጥብቆ ወተወተ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዝርያው መልእክት በማድረስና ቁስለኞችን በመፈለግ አገለገለ። በ1916 ዓ.ም. በኦልደንቡርግ የዓይነ ስውራን መሪ ውሾች ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ከጦርነቱ በኋላ ውሾቹ ከመጠን በላይ እየረዘሙ፣ ጥርሳቸውና ጠባያቸውም እየተበላሸ ሄደ። ሽቴፋኒትስ በ1925 ዓ.ም. ዝቅና ረዘም ያለውን ክሎዶ ፎም ቦክስበርግን አሸናፊ አድርጎ በመምረጥ የእርባታውን አቅጣጫ አስለወጠ። የዳኝነቱ ድፍረት የሚደነቅ ቢሆንም፣ የአንድ ሰው ምርጫ የአንድን ዝርያ አካል ይህን ያህል መለወጥ መቻሉ የሚያሳስብ ነው። ከሞቱ በኋላ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም በዝርያው ላይ ጎልቶ በመታየቱ፣ ማኅበሩ በ1960ዎቹ የራጅ ምርመራን የእርባታ ሥርዓቱ ክፍል አድርጎታል።

ሰውዬው ነቀፋ የሌለበት አልነበረም። ትልቁ መጽሐፉ ስለ ውሻ ብዙ ቁም ነገር ቢይዝም፣ ስለ ውሻ ዘር የተናገረውን ወደ ሰው ዘር እያሻገረ አይሁድን የሚንቅባቸው ስፍራዎች አሉት። ይህ ግን ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከማኅበሩ ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ አላዳነውም። በ1935 ዓ.ም. በግፊት ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቀ። ማኅበሩ በተመሠረተ ልክ በ37ኛው ዓመት፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1936 ዓ.ም. በተወለደባት ከተማ በድሬዝደን ሞተ።