እቴጌ ጣይቱ ብጡል፥ የግብሩ እመቤት

የእቴጌ ጣይቱ ስም ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው የውጫሌን ውልና ዓድዋን ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዘመናቸው የነበረ ሰው እቴጌይቱን በባለሞያነታቸውም ጭምር ያውቃቸው ነበርና በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ወጥ ቤታቸው ጥቂት ለማለት አሰብን።

የትውልድ ሐረጋቸው ከስሜን፥ ከጎንደርና ከየጁ ይመዘዛል። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል የጁን ያስተዳድሩ ስለ ነበረ ለእኛ ለላስታ ሰዎች የጎረቤት ዘመድ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1875 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክን አንኮበር ላይ አገቡ፤ በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

በ1880 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ሲመረቅ የተደረገው ግብር በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ግብር ማለት ሁለት ነገር ነው፤ ባላገር ለመንግሥት የሚያስገባው ማር፥ ቅቤ፥ እህልና ከብት ግብር ይባላል፤ ያው ማር ጠጅ ሆኖ፥ ያው ከብት ጥሬ ሥጋና ወጥ ሆኖ ለሠራዊቱና ለድኻው ሲቀርብም ግብር ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ ሁሉ የእቴጌይቱ ነበር። ሊጡ ቀን ቈጥሮ ካልቦካ፥ ጠጁ ሳምንታት ቆይቶ ካልደረሰ፥ ቅቤው ተነጥሮ ድልሁ ካልተሰናዳ አዳራሹ ቢሞላ ከንቱ ነው። በገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚመጣውን እንግዳ ለመቀበል እናቶቻችን ስንት ቀን አስቀድመው እንደሚደክሙ ያየ ተማሪ ይህን ያለ አስረጅ ያውቀዋል።

የሚያሳዝነው፥ ያን ሁሉ እንጀራ የጋገሩት፥ ጋኑን በጀርባቸው ያዘሉት ሴቶች ስማቸው አለመጻፉ ነው። የመኳንንቱ ስም በየተራው ተመዝግቧል፤ የወጥ ሠሪዎቹ ግን የለም።

በ1888 ዓ.ም. ዘመቻ እቴጌይቱ ወጥ ቤታቸውን ይዘው ዘመቱ። ከሰሜኑ ሰውም ዋግሹም ጓንጉል ከነጦራቸው ነበሩ። በመቀሌ ጣልያኖች በምሽግ ውስጥ ሆነው አልበገር ባሉ ጊዜ የሚጠጡበት ምንጭ እንዲያዝ ያመለከቱት ጣይቱ ናቸው፤ ምሽጉም በጥር ወር ተለቀቀ። ስንት ሰው በቀን ስንት እንስራ ውሃ እንደሚፈጅ ከወጥ ቤት እመቤት ይልቅ ማን ያውቃል?

በ1898 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴል አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ይመስል ነበርና ገበያው ቀዘቀዘ፤ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው እየሄዱ፥ በልተው ሒሳብ እየከፈሉ እንዳስለመዱ ይነገራል። ይህ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. ከፊሉ በእሳት ተቃጥሏል።

አፄ ምኒልክ ታመው ሳለ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ጣይቱን ከሥልጣን አራቋቸው። ንጉሡ በ1906 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ያ ሁሉ ሰው ይመገብበት ከነበረው አዳራሽ ወጥተው በእንጦጦ ማርያም አጠገብ በጸጥታ ኖሩ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በዚያው በእንጦጦ ተቀብረው ከቆዩ በኋላ ዐጽማቸው ወደ በዓታ ለማርያም ተወስዶ ከባላቸው አጠገብ ዐረፈ።