ቅዱስ ያሬድ እና ጥዬው የመጣሁት ትምህርት ቤት

በዚህ ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን በሕይወት የሌለ ታዋቂ ሰው ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ ሲሉን ክላሱ በሙሉ ወደ አበበ ቢቂላ፣ ወደ ጥላሁን ገሠሠና ወደ በዓሉ ግርማ ሮጠ። እኔ የላስታ ልጅ ነኝና ማንን እንደምጽፍ ለመወሰን ጊዜ አልፈጀብኝም። የፈጀብኝ እንዴት እንደምጽፈው ነው። ምክንያቱም ስለ ቅዱስ ያሬድ ስጽፍ የራሴን ገመና መደበቅ አልችልም።

እስቲ ከታሪኩ እንጀምር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ያሬድ በ505 ዓ.ም. አክሱም ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ፤ እናቱም የአክሱም ጽዮን መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ልጁ ግን ትምህርት አልገባህ አለው። ጓደኞቹ እያለፉት ሄዱ፣ እሱ ዱላ ቀመሰ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ጠፋ። ማይ ኪራህ በሚባል ቦታ ከአንድ ዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንዲት ትል ፍሬ ለመብላት ግንዱን ስትወጣ አየ። ስድስት ጊዜ ወጥታ ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ደረሰች። ያሬድም ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰና ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች፣ እንዲሁም ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በጦሩ ጫፍ እግሩን ወጋው፤ ዜማው እስኪያልቅ ሁለቱም አልታወቃቸውም ይባላል። ንጉሡ ደንግጦ የካሣውን እንዲጠይቅ ሲፈቅድለት ያሬድ የለመነው ሹመት ሳይሆን ስንብት ነበር። ወደ ስሜን ተራሮች ሄዶ ሲያስተምር ኖረ፤ በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀንም እዚያው ተሰወረ ይላል ትውፊቱ።

ታዲያ ለጋዜጠኝነት ተማሪ እዚህ ላይ ችግር አለ። ገድሉ የተጻፈው ከያሬድ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በቃላቱ ራስ ላይ የሚጻፉት ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ርክርክ የሚባሉት የዜማ ምልክቶች ደግሞ ሥርዓት የያዙት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እዚሁ ወሎ ተድባበ ማርያም ላይ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይነገራል። እንዲህ ከሆነ ዜማው ከዚያ በፊት ለሺህ ዓመት ያህል በምን ቆየ? በሰው ጆሮና በሰው ጉሮሮ ነዋ! እኔን ከተአምራቱ ሁሉ በላይ የገረመኝ ይሄ ነው።

አዲስ አበባ ያለውና በስሙ የተሰየመው፣ አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩበት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪውን በር ላይ ፈትኖ ይመርጣል። ድጓ ቤት ግን የመጣውን ይቀበላል፤ የሚመርጠው ከገባህ በኋላ ነው። በረሃብ ይመርጣል፣ በብርድ ይመርጣል፣ በውሻ ይመርጣል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። ቀን ከመምህሩ የተቀበለውን ዜማ ሌሊት ሲከልስ ያነጋል። ዓመታት ይፈጃል። ከዚያም የድጓ መምህር ለመሆን ጋይንት ሄዶ ቤተ ልሔም ላይ መመስከር አለበት፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የፈለገ ሰሌልኩላ፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር በአታ ይሄዳል።

እኔም በአሥራ አንድ ዓመቴ ከአንድ የሰፈሬ ልጅ ጋር ገብቼ ነበር። ጾመ ድጓን ሳልጨርስ፣ አንድ የክረምት ሌሊት ጠፍቼ ላሊበላ ከተማ አክስቴ ቤት ደረስኩ። በመንገዴ ላይ ትል አላየሁም፤ ምናልባት ቀና ብዬ አላየሁ ይሆናል። አክስቴ አስኳላ አስገባችኝ፤ ይኸው እዚህ ደርሻለሁ።

ባለፈው ገና አገሬ ገብቼ ነበር። በቤዛ ኩሉ ሥርዓት ካህናቱ ግማሾቹ ከፍ ብለው ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሾቹ ታች ቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ ሆነው ይቀባበላሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ዜማው የያሬድ ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ ከዓለት ከመፈልፈላቸው 600 ዓመት ያህል ይቀድማል ማለት ነው። ላይ ከቆሙት መሐል ያ የሰፈሬ ልጅ ነበር፤ ነጭ ለብሶ፣ ጽናጽል ይዞ። እኔ ታች ከሕዝቡ ጋር ማስታወሻ ደብተሬን ይዣለሁ።

ማታ ጠላ ይዘን ስንጫወት ስለ ገድሉ ዘመንና ስለ አዛዦቹ ጥያቄዬን ደረደርኩበት። አልተቆጣም። መምህሩን፣ የመምህሩን መምህር፣ ከዚያም በላይ ያሉትን በስም ቆጠረልኝና እሱ የሚያውቀው እስከዚያ ድረስ እንደሆነ ነገረኝ። በኛ ዲፓርትመንት ቋንቋ ምንጩን ጠራ ማለት ነው። ቀጥሎ እየሳቀ ጾመ ድጓው የቀረኝ የት ላይ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እዚያው ጀመረልኝ። ሁለት ሦስት ቃል ተከተልኩትና ጠፋብኝ።

ምንም ሳይናገር ከመጀመሪያው ደገመልኝ።