ርስት የገዙት ደራሲ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሐይቅና ተራራ በበዛበት ክፍል፣ ኒር ሶሪ በምትባል መንደር ሂል ቶፕ የተባለ አንድ አሮጌ የገበሬ ቤት አለ። የተሠራው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ይህን ቤት ከበረቱ፣ ከጎተራውና 14 ሄክታር ከሚያህለው መሬቱ ጋራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 የገዙት የልጆች መጻሕፍት ደራሲዋ ወይዘሪት ቢያትሪክስ ፖተር ነበሩ።

ወይዘሪት ቢያትሪክስ በ1866 በለንደን ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወልደው ለብዙ ዘመን በወላጆቻቸው ሥር ኖሩ። በ1902 የታተመው የጥንቸሉ የፒተር ታሪክ ግን የራሳቸውን ገንዘብ አስገኘላቸው። በ1905 ክረምት አሳታሚያቸው ኖርማን ዋርን አጫቸው፤ ወላጆቻቸው ነጋዴ ነው ብለው ጠሉት። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰውዬው ታሞ ሞተ። ቤቱ የተገዛው በዚህ ሐዘን መካከል ነው።

በዋጋው ግን ተጎድተዋል፤ ጥቂት ቀደም ብሎ የገዛው ነጋዴ በእጥፍ ያህል ሸጦላቸዋልና። ከዚያ ወዲህ መሬት ሲገዙ ዊልያም ሂሊስ የተባለውን ያገሩን ነገረ ፈጅ ያማክሩ ጀመር። በ1913 ያገቡትም እርሱን ነው። ኪሳራው እንዲህ ተካሰ ብንል አንባቢ አይቀየመን።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀን ሌላው ነገር ነው። የከተማ ሰው እርሻ ሲገዛ አስቀድሞ የሚያስበው በመሬቱ ላይ ያለውን ገበሬ ማስነሣት ነው። እርሳቸው ግን ጆን ካነን የተባለውን ገበሬ ከነሚስቱና ከነልጆቹ አላስለቀቁም። በ1906 ከአሮጌው ቤት ጎን አዲስ ክፍል አሠርተው ቤተ ሰቡን በዚያ አኖሩ፤ አሮጌውንም ለራሳቸው አስቀሩ። ስለ በጉ፣ ስለ ላሙና ስለ አሳማው ከገበሬው እየጠየቁ ተማሩ። ቤቱን ያስቸገሩት አይጦች እንኳ ሥራ ፈት አልሆኑም፤ በ1908 ባሳተሙት የአይጦች ታሪክ ውስጥ ደረጃውና ጓዳው ተሥለው ይገኛሉ።

በኋላ ዘመናቸው ወይዘሮ ሂሊስ ከመጽሐፍ ይልቅ ለበግ አደሩ። ኸርድዊክ የሚባለው በግ ብርድና ዝናብ የሚችል፣ ያለ አጥር ከተወለደበት ተራራ የማይርቅ ነው። ግልገሉ ድንበሩን የሚማረው ከእናቱ ስለ ሆነ፣ መንጋው አንድ ጊዜ ከተሸጠ መሬቱን የሚያውቅ በግ አይገኝም። ስለዚህ እርሻ በገዙ ቍጥር መንጋውን አብረው ያዙ።

በ1943 ሲሞቱ ከ1,600 ሄክታር የሚበልጥ መሬትና ከ10 የሚበልጡ እርሻዎች ናሽናል ትረስት ለተባለው ማኅበር ተናዘዙ፤ በተራራው እርሻዎች ላይም ንጹሕ ኸርድዊክ እንዲረባ አዘዙ። አመዳቸውን በመንደሩ አካባቢ የበተነው እረኛቸው ነበር፤ ቦታውን ለማንም እንዳይናገር አደራ ስለ ነበረበት እስከ ዛሬ አይታወቅም።