ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፦ መርህን የንግድና የነፃነት መሠረት ያደረጉ ኢትዮጵያዊ

በጋሞ ደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይም በጨንቻና በዶርዜ፣ የሽመና ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም በርካታ የጋሞ ሸማኔዎች ሙያቸውን ይዘው ወደ ዋና ከተማዋ መጥተዋል፤ ሽሮ ሜዳ ዛሬም በዚሁ ሙያ ትታወቃለች። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ግን በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ከሚገባው ሸቀጥ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው በውጭ ፋብሪካ የተሠራ የጥጥ ጨርቅ፣ በተለይም አቡጀዴ ነበር። ጥጥ የሚያበቅል ምድርና ሸማ የሚሠራ ሕዝብ ያላት አገር ስለ ምን ልብሷን ከባሕር ማዶ ትገዛለች? ይህን የመሰለውን ጥያቄ ከስሜት አውጥተው በሥርዓት ከመረመሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ግንባር ቀደሙ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ ሲሆን በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ላይ እንደ ወደቁ ይነገራል። ገና በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ አካባቢ ተሻግረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በምጽዋ ወደብ በቆመች መርከብ ላይ ተደብቀው ወደ አውሮፓ አቀኑ። በዚያም አንድ የኦስትሪያ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ የጀርመንኛ ቋንቋን ተምረው በበርሊን የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ወቅቱ ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ላይ የነበሩበትና በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የሥልጣን ሽኩቻ የበረታበት ነበር። ገብረ ሕይወትም ለተወሰነ ጊዜ ከአገር ርቀው በሱዳን ለመቆየት ተገደዱ። ይህ የስደት ዘመን የአገራቸውን አስተዳደር ከሩቅ ሆነው እንዲመረምሩ ዕድል ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1912 አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተሰኘው ጽሑፋቸው በአሥመራ ታተመ።

በዚህ ጽሑፍ ለወጣቱ መሪ ለልጅ ኢያሱ ያቀረቧቸው የማሻሻያ ሐሳቦች ዛሬም በጥሞና ሊነበቡ የሚገባቸው ናቸው። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በዓይነት መሆኑ ቀርቶ ተለክቶና ታውቆ በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሹማምንት ከገበሬው ላይ መኖራቸው ቀርቶ ደመወዝ እንዲቆረጥላቸው፣ ሕግ ተጽፎ እንዲታወቅ፣ አንድ ወጥ ገንዘብ እንዲኖር፣ ዘመናዊ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ የጉምሩክ አሠራር እንዲስተካከልና የሃይማኖት ነፃነት እንዲከበር አሳስበዋል። የሐሳቦቹ ሁሉ ማሰሪያ አንድ ነው፤ ይኸውም መንግሥት በሹም ፈቃድ ሳይሆን አስቀድሞ በታወቀ መርህ መመራት እንዳለበት ነው።

ነጋድራስ የተሰኘውን ማዕረግ ያገኙት በንግድና በጉምሩክ ኃላፊነታቸው ነው። በልጅ ኢያሱ ዘመን የባቡር ሐዲዱን ሥራ በተቆጣጣሪነት የተከታተሉ ሲሆን፣ በኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆነዋል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር መሥመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በመድረሱ ከተማዋ የአገሪቱ ዋነኛ የንግድ በር ሆና ነበር። ቡናው፣ ቆዳውና ሰሙ ወደ ውጭ ሲወጣ፣ ጨርቁና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃው ደግሞ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ኃላፊው በየዕለቱ በዓይናቸው ይመለከቱ ነበር።

በዚህ ሥፍራ አንድ ከባድ እውነታ ገጠማቸው። ኢትዮጵያ በዓድዋ ድል ነፃነቷን ብታስከብርም፣ በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚታወቀው ውል፣ በአብዛኛው የገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦት ነበር። ውሉ ለውጭ አገር ዜጎች ልዩ የዳኝነት መብትም የሰጠ ነው። እንግዲህ በጦር ሜዳ ያልተደፈረች አገር በገዛ በሯ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ በሙሉ ነፃነት መወሰን አልቻለችም ማለት ነው።

ገብረ ሕይወት ለዚህ ችግር የሰጡት ምላሽ የውጭውን ዓለም መውቀስ ብቻ አልነበረም። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተሰኘው ዋና ሥራቸው የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራም ፍሬያማ የሚሆነው በዕውቀት ሲታገዝ መሆኑን አስረዱ። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም የሠራውን ዕቃ፣ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ በብዙ ድካም ካመረተው ጥሬ ሀብት ጋር በሚለዋወጥበት ጊዜ ልውውጡ በውጫዊ መልኩ እኩል ቢመስልም በውስጡ እኩል እንዳልሆነ ተነተኑ። የባቡር ሐዲድም ቢሆን ሕዝቡ ካልተማረና የሚሠራው ካልኖረው ብቻውን አገርን እንደማያበለጽግ አስገነዘቡ። ይህ ትንታኔ ስለ ታዳጊ አገሮች ኢኮኖሚ በሌላው ዓለም የተደረገው ሰፊ ክርክር ከመጀመሩ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ቀድሞ የቀረበ ነው።

ከዚህም በላይ የእርስ በርስ ጦርነት የተከማቸን ሀብት እንደሚያጠፋ፣ ገበሬው የላቡን ፍሬ እንደሚበላ እርግጠኛ ካልሆነ ተግቶ እንደማይሠራ አመለከቱ። በእርሳቸው አስተሳሰብ የውጭ ግንኙነት መርህና የውስጥ አስተዳደር መርህ አይነጣጠሉም። ገበሬዋን ከሹም ዘረፋ ያልጠበቀች አገር በውል ጠረጴዛ ዙሪያ ፍትሕን ስትጠይቅ ድምፅዋ ደካማ ይሆናል፤ የራሷን ቤት በሕግ ያደራጀች አገር ግን የምትጠይቀውን እኩልነት በተግባር ታስረዳለች። ይህን ሐሳብ ሥልጣን በጥቂቶች እጅ በነበረበት ዘመን በግልጽ መጻፍ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ያሰቡት ሲፈጸም ለማየት አልታደሉም። በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው ገደማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ዋናው መጽሐፋቸውም ለኅትመት የበቃው ከሞቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው።

ነጋድራሱ ያነሡት ጥያቄ ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. ለዓለም ንግድ ድርጅት የአባልነት ጥያቄ አቅርባለች፤ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትንም በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች። እንዲህ ያለው ስምምነት ሁሉ ገበያን የመክፈት ዕድልና የራስን ቀረጥ የመወሰን ነፃነትን የመገደብ ግዴታ በአንድነት ይዞ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ድርድሩ በምን መርህ እንደሚመራና የአገር ውስጥ አምራቹ ለውድድር ምን ያህል እንደ ተዘጋጀ አስቀድሞ መመርመር የግድ ነው።

የዚህን ጉዳይ ትርጉም በተግባር ለማየት ወደ ጋሞ ዞን መመለስ ይቻላል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ ጥጥና ሙዝ ይመረታል፤ በጨንቻ ደጋ የአፕል ፍሬ ይለማል፤ በአርባ ምንጭ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይገኛል። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመው የትምህርት ተቋምም በ1996 ዓ.ም. ወደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አድጓል። ምድሩ፣ ሙያውና የትምህርት ተቋሙ በአንድ ሥፍራ ተገናኝተዋል። የሸማኔው እጅ፣ የገበሬው ጥጥና የተመራማሪው ዕውቀት እርስ በርስ ሲደጋገፉ የምርቱ ዋጋ በአገር ውስጥ ያድጋል፤ ተነጣጥለው ሲቀሩ ግን ጥጡ በርካሽ ወጥቶ ልብሱ በውድ ይመለሳል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ከመቶ ዓመት በፊት በድሬዳዋ ጉምሩክ ሆነው የተመለከቱት ልውውጥ ይኸው ነበር።