አቡነ ያዕቆብ፦ ባህልን አክብረው የዕርቅን በር ያንኳኩ አባት

በሕዝቦች መካከል መለያየት ሲገባ ባህል ሁለት ፊት ይኖረዋል። አንዱ ወገን የሌላውን ቋንቋ፣ ልማድና ሥርዓት ሲንቅ ባህል የጠብ ምክንያት ይሆናል፤ ሲያከብር ግን ያው ባህል የዕርቅ በር ይሆናል። በዚህ እትም የምናቀርበው የቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ በአገራችን አቡነ ያዕቆብ ተብለው የሚጠሩት አባት የሕይወት ታሪክ ይህን እውነት በግልጽ ያስተምረናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

አቡነ ያዕቆብ ኦክቶበር 9 ቀን 1800 ዓ.ም. በደቡብ ኢጣሊያ፣ በባዚሊካታ ምድር፣ ሳን ፌሌ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ከ14 ልጆች መካከል 7ኛው ነበሩ። በ1818 ዓ.ም. በናፖሊ ቅዱስ ቪንሴንሶስ ዘጳውሎስ ወደ መሠረተው የላዛሪስት ማኅበር ገቡ፤ በ1824 ዓ.ም. ማዕረገ ክህነትን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ በደቡብ ኢጣሊያ ከተሞችና ገጠሮች ድኾችን በማስተማርና ኑዛዜ በመቀበል አገለገሉ። በ1836 እና በ1837 ዓ.ም. የኮሌራ ወረርሽኝ ናፖሊን በመታ ጊዜም ራሳቸውን ሳይሰስቱ ሕሙማንን አስታመዋል። በ1839 ዓ.ም. ቅድስት መንበር የኢትዮጵያ ሚሲዮን ኃላፊ አድርጋ ሾመቻቸውና በዚያው ዓመት መገባደጃ በምፅዋ በኩል ዐድዋ ደረሱ።

በዐድዋ ምን እንደ ጠበቃቸው ለመረዳት 200 ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ ገልጠው ነበር። በ1625 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ ከአባቶቹ የወረሰውን ሥርዓት እንደ ስሕተት ቈጠሩት። የተጠመቀው ሰው እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ የጾምና የበዓላት ቀኖች እንዲለወጡ አዘዙ። በየአውራጃው ዐመፅ ተነሣ፤ አባት ከልጅ፣ ወንድም ከወንድም ጋር ተዋጋ። በ1632 ዓ.ም. በሺህ የሚቈጠሩ ገበሬዎች በአንድ ውጊያ ካለቁ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። አፄ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። እኛ ካቶሊካውያን ይህን ታሪክ ልንሸፋፍነው አይገባም። የፈሰሰው ደም ከትምህርተ ሃይማኖት ልዩነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የሕዝብን ክብር ከመንካትም የመጣ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የካቶሊክ ካህን ስም በብዙዎች ዘንድ የጥርጣሬና የፍርሃት ስም ሆኖ ቈየ።

አቡነ ያዕቆብ የዚህን ቍስል ጥልቀት ተገንዝበው ነበር። ስለዚህ ዐድዋ ሲደርሱ ለመስበክ አልተቻኰሉም። በአንዲት ተራ ቤት ተቀመጡ፤ የኢትዮጵያን መነኰሳት ልብስ ለበሱ፤ የአገሩን ምግብ በሉ፤ አማርኛን፣ ትግርኛንና ግእዝን ይማሩ ጀመር። የታመመ ጠየቁ፣ ለደኻ መጸወቱ፣ ወደ ቤታቸው የመጣውን ሁሉ በትሕትና ተቀበሉ። በጃንዋሪ 1840 ዓ.ም. ለጥቂት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገሩም ክርክር አላነሡም። ለፍቅር ብለው ከሩቅ አገር መምጣታቸውንና ሕይወታቸውም የአድማጮቻቸው መሆኑን ብቻ ገለጹላቸው። ሰዎቹ ባዕድ መምህር ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ግን ቋንቋቸውን ለመማር የሚደክም እንግዳ ነበር።

ይህ አካሄድ ብዙም ሳይቈይ ከባድ ፈተና ቀረበለት። የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓመታት ጳጳስ አጥታ ስለ ነበር፣ ከእስክንድርያ ፓትርያርክ ጳጳስ የሚለምኑ መልእክተኞችን ወደ ካይሮ ሊልኩ አሰቡ፤ አቡነ ያዕቆብም አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። ለካቶሊክ ካህን ይህ አስጨናቂ ጥያቄ ነበር። ሚሲዮናቸውን ሊቃወም የሚችለውን ጳጳስ ለማምጣት መተባበር ሊሆንባቸው ነው። እምቢ ቢሉ ግን የሰዎቹን ወዳጅነት ያጣሉ። መልእክተኞቹ ሮማንም እንዲጐበኙ በማሳሰብ ጥያቄውን ተቀበሉ። በ1841 ዓ.ም. አብረው በረሃውንና ባሕሩን ተሻገሩ። በካይሮ ከፓትርያርኩ በኩል ጥርጣሬና ተቃውሞ ገጠማቸው፤ የተሾሙት አቡነ ሰላማም ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ግን ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮማ ሄደው በር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳልመው ተመለሱ። በዚያ ረጅም መንገድ ላይ አብሮ መብላት፣ አብሮ መታመምና አብሮ መጸለይ፣ ክርክር ሊያደርገው የማይችለውን አደረገ።

ከተጓዦቹ አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በ1791 ዓ.ም. ገደማ በጎጃም የተወለዱት እኚህ መነኵሴ እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም የተንከራተቱ ታላቅ ሊቅ ነበሩ። በጕዞው የአቡነ ያዕቆብን ጠባይ በቅርብ ተመለከቱ፤ በ1844 ዓ.ም. ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ከዚያም ሊቁ የአገሩን ትምህርት ለባዕዱ እያስተማሩ፣ ባዕዱም የራሳቸውን ትምህርት ለሊቁ እያካፈሉ፣ ለምእመናን የትምህርተ ክርስቶስ ጽሑፍ አብረው አዘጋጁ። በአዲግራት አቅራቢያ በምትገኘው በጓላም አቡነ ያዕቆብ የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ የዚህች አገር ቤተ ክርስቲያን በአገሯ ልጆች መመራት፣ ጌታንም በግእዝ ማመስገን ነበረባት። ሜንዴዝ ሊለውጡት የሞከሩትን ሥርዓት አቡነ ያዕቆብ እንደ ውድ ርስት ጠበቁት። በጃንዋሪ 1849 ዓ.ም. በምፅዋ በሌሊት፣ በምስጢር፣ በካፑቺናዊው በአቡነ ማሳያ እጅ ማዕረገ ጵጵስናን ተቀበሉ። ይህንንም ከብዙ እምቢታ በኋላ በመታዘዝ ነበር።

ይሁን እንጂ ባህልን ማክበር መከራን አላስቀረም። በ1854 ዓ.ም. አቡነ ያዕቆብና ተከታዮቻቸው በጎንደር ታሰሩ። እሳቸው ከወራት እስራት በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከዘመቻ ወደ ዘመቻ ሲጐተቱ በኦገስት 1855 ዓ.ም. ዐረፉ። አቡነ ያዕቆብ የቀረውን ዘመናቸውን በምፅዋ፣ በሐላይና በአካባቢው በስደትና በሕመም አሳለፉ። ጁላይ 31 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደ ሐላይ ሲጓዙ በአሊገዴ ሸለቆ፣ በመንገድ ላይ፣ ደቀ መዛሙርታቸው ከበዋቸው ሳሉ ነፍሳቸውን ለፈጣሪያቸው ሰጡ። ሥጋቸው በሄቦ ተቀበረ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ዓ.ም. ብፅዕና ታወጀላቸው፤ አቡነ ያዕቆብን ደግሞ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ኦክቶበር 26 ቀን 1975 ዓ.ም. ቅዱስ ብለው ዐወጁ።

ታዲያ አቡነ ያዕቆብ ዕርቅን አመጡ ማለት እንችላለንን? በሕይወታቸው ሳሉ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት አልታረቁም። የልጆቿ ወደ ሌላ መሄድ ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሐዘን እንደ ነበረም በቅንነት ማመን ይገባናል። ነገር ግን አንድ ግድግዳ አፍርሰዋል፤ ካቶሊካዊ ለመሆን የአባቶችን ቋንቋ፣ ዜማና ጾም መጣል የግድ አለመሆኑን በሕይወታቸው አሳይተዋል። ዛሬ የግእዝን ቅዳሴ የሚሰማ የኦርቶዶክስ ጎረቤታችን በእኛ መቅደስ ፈጽሞ ባዕድ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዕርቅ የሚጀምረው ሁለቱም ወገኖች የእኔ የሚሉት ነገር ሲገኝ ነው።

ይህ ትምህርት ለእኛ ዘመን የቀረበ ነው። አቡነ ያዕቆብ የረገጡትን ምድር እናስተውል፦ ዐድዋ፣ ጓላ፣ ጎንደር፣ ሐላይ፣ ሄቦ። በ1998 እና በ2000 ዓ.ም. መካከል በኢትዮጵያና በኤርትራ፣ ከ2020 እስከ 2022 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄዱት ጦርነቶች ወንድማማቾች የተጋደሉት በዚያው ምድር ላይና በአካባቢው ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኖቬምበር 2022 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ነገር ግን ፊርማ የተኵስ ድምፅን ያቆማል እንጂ ልብን አይጠግንም። የጎጃሙ ሊቅ በትግራይ ምድር ከኢጣሊያዊው ካህን ጋር በአንድ ማዕድ እንደ ተቀመጡ፣ መቃብራቸውም በኤርትራ ምድር እንዳለ ስናስብ፣ ይህ ቅዱስ የማንም ወገን ብቻ እንዳልሆኑ እንረዳለን።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ የአቡነ ያዕቆብ መንገድ በእያንዳንዱ ቍምስና ሊጀመር ይችላል። የሌላው እምነት ተከታይ ልቅሶ ሲገባ ቀድመን እንድረስ፤ ጾሙን አንንቀፍ፤ በእድሩና በሠርጉ አንለይ። ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣውን በራሱ ቋንቋ እንዴት ሰላም እንደሚባል እንማርና ለልጆቻችንም እናስተምር። ሰላምታው ቢከብደንም፣ አነጋገራችን ቢያስቅም አናፍርበት። አቡነ ያዕቆብም በ39 ዓመታቸው ፊደልን ከመጀመሪያው ቈጥረዋልና።